ፒ ቫልዩው 0.08 ሆነብን፤ ሰው እንጨምርበት?

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። የቢዝነስ ማኔጅመንት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አምና የወሰድነውን ስታትስቲክስ ወድጄው ነበር። አማካይ ማውጣት፣ ሠንጠረዥ መሥራት፣ ግራፍ መሳል አልከበደኝም። ኢንፈረንሻል ስታትስቲክስ ከጀመርን ወዲህ ግን ጠፋሁ። ቀመሮቹን ሸምድጃለሁ። ጥያቄም እሠራለሁ። ምን እየሠራሁ እንደሆነ ግን አላውቅም። መምህራችን ‹ልዩነት የለም የሚለውን መነሻ ሐሳብ አክሴፕት (ተቀበልን) አትበሉ፣ ፌይል ቱ ሪጀክት (ውድቅ ማድረግ አልቻልንም) በሉ› ይሉናል፤ ልዩነቱ አይታየኝም።

አሁን ደግሞ የቡድን ሥራ አለብን። አንድ ነባርና አንድ አዲስ ማስታወቂያ አዘጋጀን። የምናውቃቸውን 62 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍለን ለ31ዱ አንዱን፣ ለ31ዱ ሌላውን አሳየን። የመግዛት ፍላጎታቸውን ከ1 እስከ 7 ነጥብ ሰጡት። አዲሱ ማስታወቂያ በአማካይ በ0.5 ነጥብ በለጠ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ በሁለቱም ቡድን 1.1 ገደማ ነው። ፒ ቫልዩው ግን 0.08 ሆነ። የቡድኔ ልጆች ‹ጥቂት ጥቂት ሰው እየጨመርን ከ0.05 በታች ሲሆን እናቁም› ይላሉ። እኔ ደስ አላለኝም። ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አቃተኝ። እባክዎ ይርዱኝ።»

መልስ፦

እህቴ፣ ደስ ያላለሽ በትክክል ነው። የቡድንሽ ልጆች ያሰቡት ነገር ውጤታችሁን ያበላሸዋል። ይህን ለማስረዳት ግን ከመጀመሪያው ችግርሽ ልነሳ። እሱ ከተፈታ የፒ ቫልዩው ነገር ብዙም አይከብድሽም።

ያልገባሽ ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም። ይህ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከኋላ ወደ ፊት ነው። ቀመሩ ይቀድማል፤ ቀመሩ የሚመልሰው ጥያቄ ቆይቶ ይመጣል ወይም ጭራሽ ይቀራል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ስታንዳርድ ዴቪዬሽንና ስታንዳርድ ኤረር አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር። ፈተናውን አልፌያለሁ። የገባኝ ግን ከዓመታት በኋላ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። አንቺ ያን ያህል እንድትቆዪ አልፈልግም።

ስለዚህ ቀመሩን ለጊዜው ተዪውና አንድ ጥያቄ ያዢልኝ። «ሌላ ናሙና ወስጄ ቢሆን ኖሮ መልሴ ምን ያህል ይለወጥ ነበር?» በኮርሱ ውስጥ የምታገኚያቸው አስፈሪ ስሞች ሁሉ የዚህች ጥያቄ ልጆች ናቸው። አምና የተማርሽው በእጅሽ ያለውን መረጃ መግለጽ ነበር። ዘንድሮ የምትማሪው በእጅሽ ካለው ተነስተሽ በእጅሽ ስለሌለው መናገር ነው። ይህን ስታደርጊ መሳሳትሽ አይቀርም። ቁም ነገሩ የስህተቱን መጠን ማወቅ ነው።

አሁን አንድ ነገር በእጅሽ ሥሪ። ከ0 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች በ10 ቁራጭ ወረቀቶች ላይ ጻፊ። ጠቅልያቸውና ከረጢት ውስጥ ጨምሪያቸው። የአሥሩ አማካይ 4.5 ነው። ይህን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ግን እንደማያውቅ ሰው ሁኚ። አንድ ወረቀት አውጪ፣ ቁጥሩን መዝግቢ፣ ወደ ከረጢቱ መልሺና አደባልቂ። እንዲህ 4 ጊዜ አውጥተሽ የአራቱን አማካይ ሥሪ። ያ አንድ ናሙና ነው። ይህንኑ 20 ጊዜ ድገሚው። 20 አማካዮች ይኖሩሻል። በአንድ መስመር ላይ በነጥብ በነጥብ አስቀምጫቸው። ከዚያ በ4 ፋንታ 16 ጊዜ እያወጣሽ ሌላ 20 አማካይ ሥሪ። እጅሽ ሲደክም ሁለተኛውን ዙር ኤክሴል ላይ መሥራት ትችያለሽ። የመጀመሪያውን ግን እባክሽ በእጅ ሥሪው። በዓይንሽ ያየሽው ነገር ፈተና ላይ አይጠፋብሽም።

ምን ታያለሽ? መጀመሪያ፣ ሃያዎቹ አማካዮች አይመሳሰሉም። ከረጢቱ አንድ ነው፣ ወረቀቶቹም ያው ናቸው፣ መልሱ ግን በየጊዜው ይለያያል። ይህ የአንቺ ስህተት አይደለም፤ የናሙና ጠባይ ነው። ቀጥሎ፣ መወላወሉ መጠን አለው። ወረቀቶቹ ላይ ያሉት ቁጥሮች ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 2.87 ገደማ ነው። የአራት የአራቱ አማካዮች ግን ያን ያህል አይበተኑም። የእነሱ ስፋት 1.44 ገደማ ይሆናል። የአሥራ ስድስት የአሥራ ስድስቱ ደግሞ 0.72 ገደማ። 2.87ን ለ2 ስታካፍዪ 1.44፣ ለ4 ስታካፍዪ 0.72 ይመጣል። 2 የ4 ስኩዌር ሩት ነው፤ 4 ደግሞ የ16። በቃ፣ ስታንዳርድ ኤረር ማለት ይህ ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው «ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሲካፈል ለናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት» የሚለው ቀመር አሁን በነጥብ ያስቀመጥሽው ሥዕል ነው።

ልዩነቱን እዚህ ላይ አጥብቀሽ ያዢ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚነግርሽ ሰዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚለያዩ ነው። ስታንዳርድ ኤረር የሚነግርሽ አማካዩ ከናሙና ናሙና ምን ያህል እንደሚወላወል ነው። ብዙ ሰው ስለጠየቅሽ የሰዎች ልዩነት አይጠፋም። የሚጠበው የአማካዩ መወላወል ነው። እሱም ቢሆን በርካሽ አይጠብም። በግማሽ ልቀንሰው ካልሽ 4 እጥፍ ናሙና ያስፈልግሻል። ነገ ጥናት የሚያሠራ ሥራ አስኪያጅ ስትሆኚ ይህች ሂሳብ በጀትሽን ትወስናለች።

ሌላም ነገር ታያለሽ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር የመውጣት ዕድሉ እኩል ነው። የደወል ቅርጽ የሚባል ነገር የለም። አማካዮቹን ስትደረድሪ ግን መሃሉ ላይ ይከመራሉ፣ ዳር ዳሩ ላይ ይሳሳሉ። በ16ቱ ላይ በደንብ ይታይሻል። ይህ ሴንትራል ሊሚት ቲዎረም ነው። ፈረንሳዊው ላፕላስ እ.ኤ.አ. በ1810 ነው ሰፋ አድርጎ ያቀረበው። ለቢዝነስ ሰው ትልቅ ስጦታ ነው። የደንበኞች ገቢ፣ የግዢ መጠን፣ የጥሪ ርዝመት፣ አብዛኛው ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው። አማካዩ ግን ናሙናው በቂ ሲሆን ወደ ደወሉ ይጠጋል። «በቂ» ስንት ነው ካልሽኝ፣ ብዙ ማስተማሪያ 30 ይላል። መረጃው በጣም ካጋደለ ግን 30 አይበቃም። ጥቂት ግዙፍ ገዢዎች ሽያጩን የሚቆጣጠሩበት ድርጅት ውስጥ 30 ሰው ወስዶ መተማመን አደገኛ ነው።

ወደ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል፣ ማለትም እውነተኛውን አማካይ ይይዛል ብለን ወደምንሠራው ክልል እንሂድ። 16 ጊዜ እያወጣሽ የሠራሻቸውን 20 አማካዮች መልሰሽ አምጪ። በእያንዳንዱ አማካይ ላይ 1.41 ጨምሪ፣ ደግሞ 1.41 ቀንሺ። ቁጥሩ የመጣው ከ1.96 ሲባዛ በ0.72 ነው፤ በደወሉ ቅርጽ 95 በመቶው ከመሃሉ በ1.96 ስታንዳርድ ኤረር ውስጥ ይወድቃል። 20 ክልሎች ይኖሩሻል። ስንቶቹ 4.5ን በውስጣቸው እንደያዙ ቁጠሪ። 19 አካባቢ ይሆናል። 18 ወይም 20 ቢሆንም አትደንግጪ። «95 በመቶ» ማለት ይህ ነው። 4.5 አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው ክልሉ ነው። ስለዚህ 95 በመቶው የዘዴው ማዕረግ ነው፤ «እንዲህ እያልኩ ክልል ብሠራ ከ100 ጊዜ 95ቱን እውነቱን እይዛለሁ» ማለት ነው። በእውነተኛ ሥራ ላይ የምትወስጂው አንድ ናሙና ብቻ ነው፤ 4.5ን የሚነግርሽም የለም። የያዘው ክልል ይድረስሽ ወይም ያልያዘው፣ አታውቂም። የምታምኚው ዘዴውን ነው።

አሁን የእናንተን ማስታወቂያ እንይ። እያንዳንዱ ቡድን 31 ሰው፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 1.1 ነው። የሁለቱም ቡድን አማካይ ስለሚወላወል፣ የልዩነቱ ስታንዳርድ ኤረር 1.1 ሲባዛ በ(2 ሲካፈል ለ31) ስኩዌር ሩት፣ 0.28 ገደማ ይሆናል። ያያችሁት ልዩነት 0.5 ነው። 0.5ን ለስታንዳርድ ኤረሩ አካፍዪ፤ 1.79 ይመጣል። ይህ ነው ቲ የሚባለው። ቲም በይው ዜድ፣ አንድ ቡድንም ይሁን ሁለት፣ ሪግረሽን ውስጥ ያለው ቁጥርም ቢሆን፣ ቅርጹ አንድ ነው፦ ያየሁት ሲቀነስ የተባለው፣ ሲካፈል ለስታንዳርድ ኤረር። በእናንተ ላይ የተባለው «ልዩነት የለም»፣ ማለትም ዜሮ ነው። ያየሁት ነገር በመወላወል ልክ ሲለካ ስንት እርምጃ ርቋል ነው ጥያቄው። ይህን ካወቅሽ ግማሽ ገጽ ቀመር ከመሸምደድ ትድኛለሽ።

ፒ ቫልዩ ደግሞ ይህን ርቀት ወደ ዕድል ይተረጉመዋል። በሁለቱ ማስታወቂያዎች መካከል ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ፣ 0.5 የሚያህል ወይም ከዚያ የሰፋ ልዩነት በዕጣ አጋጣሚ ብቻ የማየት ዕድላችሁ ስንት ነበር? ከ100 ወደ 8። «ባይኖር ኖሮ» የምትለዋን ቃል አትዝለያት። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እሷ ላይ ነው። 0.08 ማለት «ልዩነት የሌለበት ዕድል 8 በመቶ ነው» ማለት አይደለም። «አዲሱ ማስታወቂያ የተሻለ የመሆኑ ዕድል 92 በመቶ ነው» ማለትም አይደለም። ዝናብ ከዘነበ መሬቱ ይረጥባል፤ ይህ እርግጥ ነው ማለት ይቻላል። መሬቱ ረጥቦ ስላየሽ ግን ዘንቧል ማለት አትችዪም። ሰው ውሃ ደፍቶም ይሆናል። ፒ ቫልዩ የሚነግርሽ የመጀመሪያውን ነው፤ አንቺ ማወቅ የምትፈልጊው ሁለተኛውን ነው። ለሁለተኛው ሌላ መረጃ ያስፈልጋል።

«አክሴፕት አትበሉ» የሚሉት መምህርሽ ልክ ናቸው። ለምን እንደሆነ ከራስሽ ቁጥር ላሳይሽ። የልዩነታችሁን 95 በመቶ ክልል ሥሪው። ለ31 እና 31 ሰው የቲ ሠንጠረዡ በ1.96 ፋንታ 2.00 ይሰጥሻል። 2.00 ሲባዛ በ0.28 ወደ 0.56 ነው። ስለዚህ ክልሉ ከ−0.06 እስከ 1.06 ይደርሳል። ዜሮ በውስጡ አለ። ለዚህ ነው ነል ሃይፖተሲሱን፣ ማለትም «ልዩነት የለም» የሚለውን መነሻ ሐሳብ፣ ሪጀክት ማድረግ ያልቻላችሁት። ግን 1ም በውስጡ አለ! ከ7 በሚለካ መለኪያ 1 ሙሉ ነጥብ ትልቅ ነገር ነው። አሁን «ልዩነት የለም» ብለሽ ብትጽፊ፣ 1ን ምን ልታደርጊው ነው? መረጃችሁ ዜሮንም 1ንም አልከለከለም። ፈልጎ ማጣትና አለመኖር ለየቅል ናቸው። «ፌይል ቱ ሪጀክት» የምትለዋ ጎርባጣ አነጋገር የቆመችው ለዚህ እውነት ነው።

ለነገሩ እኔ ሁልጊዜ ከፒ ቫልዩው ይልቅ ክልሉን አስቀድሜ ነው የማየው። ክልሉ መጠን ይናገራል። ፒ ቫልዩ መጠን አይናገርም። ይህን ለማየት ሌላ ምሳሌ ውሰጂ። አንድ ድርጅት «ደንበኞቼ ስልክ ላይ በአማካይ የሚጠብቁት 5 ደቂቃ ነው» ይላል። 3600 ጥሪ ተመዝግቦ አማካዩ 5.1 ደቂቃ ሆነ እንበል። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 1.8 ደቂቃ ነው። ስታንዳርድ ኤረሩ 1.8 ሲካፈል ለ60፣ ማለትም 0.03 ነው። ቲው 3.33 ይሆናል፤ ፒ ቫልዩው ከ0.001 ያንሳል። «በጣም ሲግኒፊካንት!» ተብሎ ይጨበጨባል። ልዩነቱ ግን 6 ሰከንድ ነው። ለ6 ሰከንድ ብሎ ተጨማሪ ሠራተኛ የሚቀጥር የለም። ሲግኒፊካንት ማለት «ከመወላወሉ በላይ ነው» እንጂ «አስፈላጊ ነው» ማለት አይደለም። ቃሉ ራሱ አሳሳች ነው፤ ቢቀየር ደስ ይለኝ ነበር።

ሁላችሁም የምትፈሯት 0.05 ደግሞ ከሰማይ የወረደች አይደለችም። እንግሊዛዊው የስታትስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 «ከ20 አንድ» የሚለውን መስመር ለሥራ የሚመች ብሎ ተጠቀመበት፤ ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። የአሜሪካ የስታትስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ፒ ቫልዩ መግለጫ አውጥቶ ነበር። ከነጥቦቹ አንዱ የቢዝነስን ውሳኔ በስም ይጠቅሳል። ውሳኔ ፒ ቫልዩ ከአንድ መስመር በታች ሆነ አልሆነ በሚል ብቻ መወሰን የለበትም ይላል። መስመሩን መምረጥ ያለብሽ የስህተትሽን ዋጋ አይተሽ ነው። ማስታወቂያ መቀየር ቀላልና የሚመለስ ነገር ከሆነ 0.10ም ሊያስኬድ ይችላል። ፋብሪካ የሚያዘጋ ውሳኔ ከሆነ 0.05ም ይበዛል። ግን መስመሩ የሚሰመረው መረጃው ከመታየቱ በፊት ነው። ካየሽ በኋላ የምታሰምሪው መስመር መስመር አይባልም።

አሁን ወደ ቡድንሽ ልጆች። «እየጨመርን እንየው፣ ከ0.05 በታች ሲሆን እናቁም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ በከረጢቱ አስቢው። ሰው በጨመራችሁ ቁጥር ፒ ቫልዩው ከፍ ዝቅ ይላል። በሁለቱ ማስታወቂያዎች መካከል ቅንጣት ልዩነት ባይኖር እንኳ ይወላወላል። ዝቅ ባለችበት ቅጽበት ካቆማችሁት ያገኛችሁት የምትፈልጉትን ቅጽበት ነው። መረጃው የተናገረው ነገር የለም። መጠኑም ይታወቃል። መረጃ በእኩል መጠን እየጨመሩ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን 5 ጊዜ ቢያዩ፣ ልዩነት በሌለበት «አለ» የማለት ዕድል ከ5 በመቶ ወደ 14 በመቶ ይወጣል። 10 ጊዜ ቢያዩ ወደ 19። እናንተ «እስኪሆን» ነው ያላችሁት፤ ገደብ የለውም። ሪፖርቱ ላይ ግን 0.05 ብላችሁ ትጽፋላችሁ። አንባቢው የሚያነበው ስህተት 5 በመቶ ነው፤ የተሠራው ስህተት ሌላ ነው። ያላማረሽ ይህ ነው። ስም አጥተሽለት ነው እንጂ በትክክል አይተሽዋል።

የዚህ ዘመድ የሆነ ሌላ ወጥመድም አለ። ስሙን የማልጠቅሰው ድርጅት ውስጥ ስሠራ፣ ያልሠራ ዘመቻ ውጤት በዕድሜ፣ በፆታ፣ በአካባቢ፣ በቀን ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ ሲመረመር አየሁ። አንዱ ክፍል ላይ ፒ ቫልዩው ዝቅ አለ። በጀት የተመደበው ለዚያ ክፍል ነው። በሚቀጥለው ዙር ውጤቱ እንደ ጉም በነነ። ምንም ልዩነት በሌለበት 20 ለየብቻቸው የቆሙ ፈተናዎችን በ0.05 ብትሠሪ፣ ቢያንስ አንዱ «ሲግኒፊካንት» የመሆን ዕድሉ 64 በመቶ ነው። የሠራሻቸውን ሁሉ ሪፖርት ካደረግሽ ችግር የለውም። አንዷን መርጠሽ ሌሎቹን ከደበቅሽ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ታዲያ ሰው መጨመር ጭራሽ አይቻልም ወይ? ይቻላል። ግን አዲስ ጥናት ሆኖ፣ ብዛቱ አስቀድሞ ተወስኖ ነው። ስንት ሰው? ለሁለት ቡድን የሚሆን አንዲት ቀላል ቀመር አለች። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ልታገኚው ለምትፈልጊው ልዩነት አካፍዪ፣ ስኩዌር አድርጊ፣ በ16 አባዢ። በእናንተ 1.1 ሲካፈል ለ0.5፣ 2.2 ነው። ስኩዌሩ 4.84። በ16 ሲባዛ ወደ 77። ስለዚህ እውነተኛው ልዩነት 0.5 ቢሆን፣ ከ100 ጊዜ 80ውን ለማግኘት በየቡድኑ 77 ሰው ያስፈልጋችሁ ነበር። እናንተ የያዛችሁት 31 ነው። በ31 ሰው ልዩነቱን የማግኘት ዕድላችሁ ከግማሽ በታች ነበር። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ደካማ ባትሪ ይዛችሁ ጨለማ ውስጥ ገብታችኋል። ይህ ሒሳብ ከጥናቱ በፊት ቢሠራ ኖሮ የ0.08 ክርክር አይነሳም ነበር።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል፤ አንቺም አላነሳሽውም። «የምናውቃቸውን ሰዎች» ብለሻል። በዕጣ ለሁለት መክፈላችሁ በጣም ጥሩ ነው። ሁለቱ ቡድኖች እንዲመጣጠኑ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ከማስታወቂያው ነው ለማለት መብት ይሰጣችኋል። ግን ሰዎቹ ራሳቸው በዕጣ አልተመረጡም። የእናንተ ወዳጆች የድርጅቱን ደንበኞች ይመስላሉ ወይ? ይህን ምንም ቀመር አይመልስልሽም። ስታንዳርድ ኤረር የሚያውቀው የዕጣን መወላወል ብቻ ነው፤ የምርጫን ማዘንበል አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1936 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዋዜማ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መጠይቅ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ መጣለት። ከሁለቱ ተፎካካሪዎች ላንደን 57 በመቶ አግኝቶ ያሸንፋል፣ ሩዝቬልት 43 በመቶ ያገኛል አለ። ሩዝቬልት 61 በመቶ ገደማ አግኝቶ ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። መጽሔቱ አድራሻዎቹን በብዛት የወሰደው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር። በዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ስልክና መኪና ያለው ሰው አገሩን አይወክልም። መልሰው የላኩትም ካልላኩት የተለዩ ነበሩ። በዚያው ጊዜ ጆርጅ ጋለፕ በ50 ሺህ ገደማ ሰው አሸናፊውን በትክክል ተናገረ። የሁለት ሚሊዮን ሰው ስታንዳርድ ኤረር ከአንድ በመቶ እጅግ ያነሰ ነው። ስህተቱ ግን ወደ 18 ነጥብ ሆነ። ይህን ታሪክ ሳስበው ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል።

አልጠየቅሽኝም እንጂ፣ የትኛውን ቴስት ልምረጥ የሚለው ደግሞ ከመሰለሽ በላይ ቀላል ነው። የምትለኪው ነገር ቁጥር ነው ወይስ ምድብ? «ስንት ደቂቃ» ቁጥር ነው፤ «ገዛ፣ አልገዛም» ምድብ ነው። ሁለቱም ነገሮች ምድብ ከሆኑ ካይ ስኩዌር። ቁጥርን በሁለት ቡድን ካወዳደርሽ ቲ ቴስት፣ ከሁለት በላይ ከሆነ አኖቫ። ቁጥርን በቁጥር ለማስረዳት ሪግረሽን። ተማሪ የሚሰናከለው አንድ ቦታ ላይ ነው። ያው ሰው ሁለት ጊዜ ተለክቷል ወይ? ሠራተኞችን ከሥልጠና በፊትና በኋላ ብትለኪ፣ ሁለት ቡድን አይደሉም። የእያንዳንዱን ሰው ልዩነት አውጥተሽ እሱን ነው የምትፈትኚው። ያን ካላደረግሽ በሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ገብቶ ውጤቱን ይጋርድብሻል።

ቲ ቴስትን ካነሳሁ አይቀር ይህን ብነግርሽ ደስ ይለኛል። ዊልያም ጎሴት የሚባል ሰው ደብሊን ውስጥ በጊነስ የቢራ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ችግሩ የእናንተ ችግር ነበር፤ ናሙናው ትንሽ ነው፣ ውሳኔ ግን ይጠበቃል። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑንም ከዚያችው ትንሽ ናሙና ነው የሚገምተው። ስለዚህ 1.96 አይበቃም፤ ክልሉ መስፋት አለበት። በምን ያህል? በ5 ሰው ናሙና 2.78፣ በ10 ሰው 2.26። ናሙናው ሲበዛ ወደ 1.96 ይመለሳል። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1908 አሳተመ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ወጣ። ሠንጠረዡ እስከ ዛሬ የስቱደንት ቲ የሚባለው ለዚህ ነው። ከፋብሪካ ሥራ የተወለደ፣ በተማሪ ስም የሚጠራ ነገር ነው። አንቺን ሊያስፈራሽ የመጣ አይደለም።

ለቡድንሽ የምትነግሪያቸውን እንዲህ አድርጊው። በ62ቱ ሰው ቁሙ። ሪፖርቱ ላይ ያገኛችሁትን ሁሉ ጻፉ፦ «አዲሱ ማስታወቂያ በ0.5 ነጥብ በልጧል፤ የ95 በመቶው ክልል ከ−0.06 እስከ 1.06 ነው፤ ፒ ቫልዩው 0.08 ነው። በ0.05 መስመር ነል ሃይፖተሲሱን ሪጀክት ማድረግ አልቻልንም። ውጤቱ ልዩነት አለመኖሩንም አያሳይም። ተሳታፊዎቹ የምናውቃቸው ሰዎች በመሆናቸው ወደ ሁሉም ደንበኞች መውሰድ አይቻልም። ቀጣይ ጥናት በየቡድኑ 77 ሰው ያህል እንዲይዝ እንመክራለን።» ይህን የሚያነብ መምህር ነጥብ ይቀንሳል ብለሽ አትስጊ። ከተድበሰበሰ 0.049 ይልቅ ይህ ብዙ ዕውቀት ያሳያል።

ካላመኑሽ ከረጢቱን ይዘሽላቸው ሂጂ። አንዱን ቡድን «ነባር»፣ ሌላውን «አዲስ» በሉትና ከዚያው አንድ ከረጢት ለሁለቱም አውጡ። ለየቡድኑ 5 ወረቀት ባወጣችሁ ቁጥር ፒ ቫልዩውን እያያችሁ፣ ከ0.05 በታች እስኪሆን ጠብቁ።